ባህር ዛፉ የሚወስደው ብርሃን

ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ቡሬን አልፎ ወደ ሽንዲ ለሚሄድ ሰው፣ በክረምት ማብቂያ ላይ መንገድ ዳር የሚታየው የበቆሎ ማሳ አንድ የጋራ ምልክት አለው። ማሳው መሀል ላይ በቆሎው ከሰው ቁመት አልፎ፣ ቅጠሉ ጠቁሮና ሰፍቶ ይቆማል። ወደ ድንበሩ ባህር ዛፍ በተጠጋ ቁጥር አገዳው ይቀጥናል፣ ራሱ ያንሳል፣ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ ያለው ደግሞ ጫፉ ሳይሞላ ይቀራል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ገበሬውም፣ የልማት ሠራተኛውም፣ የድንበር ክስ የሚያዩ ሽማግሌዎችም የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ ባህር ዛፍ ውሃ ስለሚመጥ ነው ይላሉ። ይህ መልስ ከመደጋገሙ የተነሳ የሚጠይቀው ሰው ጠፍቷል። በእኔ እምነት ግን እንደ ወምበርማ፣ ቡሬና ጃቢ ጠህናን ባለ ዝናብ የጠገበ አገር፣ በክረምት ለሚበቅል ሰብል፣ መልሱ ቢያንስ ግማሹን እውነት ይተዋል። የተተወው ግማሽ ብርሃን ነው። ብርሃንን ከሂሳብ ውጭ በማድረጋችን ዛፉን የምንተክልበትን ቦታ፣ የምንቆርጥበትን ጊዜና በጎረቤት መካከል የምንፈርደውን ፍርድ በተሳሳተ መሠረት ላይ አቁመናል።

የተለመደው እምነት ከየት እንደመጣ መረዳት አያስቸግርም። ባህር ዛፍ በ1880ዎቹ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ከማገዶነቱና ከአጣናነቱ ጋር ክሱም አብሮት አድጓል። እንደ ትግራይ ባለ ዝናብ አጠር አካባቢ ክሱ ጠንካራ መሠረት ነበረው፤ የክልሉ መንግሥት በ1989 ዓ.ም. በእርሻ መሬት ላይ ባህር ዛፍ እንዳይተከል እስከ መከልከል ደርሷል። ችግሩ ለዚያ አፈርና ለዚያ ሰማይ የተነገረውን ቃል እንዳለ ወደ ምዕራብ ጎጃም ማምጣታችን ነው። እዚህ በዓመት በአብዛኛው ከ1,200 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠቃሎ የሚወርድ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ገበሬው የሚጨነቀው ውሃው ማሳው ላይ እንዳይተኛ ነው፤ ቦይ ያወጣል፣ ውሃ ያጠነፍፋል፣ በቆሎው ቢጫ እንዳይሆን ይጠብቃል። አየሩ በርጥበት የተሞላ ስለሆነ ዛፉ ራሱ በእነዚህ ወራት በቅጠሉ የሚያስተነው ውሃ ከበጋው በእጅጉ ያነሰ ነው። አፈሩ ውሃ በጠገበበት ወቅት የቀጨጨን ሰብል ተጠምቶ ነው የቀጨጨው ማለት ማስረጃ ይፈልጋል። ማስረጃው ግን ሲቀርብ አይታይም።

ሰብል የሚሠራው ከብርሃን ነው። ይህን ማንም አይክድም፤ ሆኖም ስለ ግብዓት ስናወራ ዘርና ማዳበሪያ እንቆጥራለን፣ ዝናብ እንለካለን፣ ብርሃንን ግን እንደማያልቅ ሀብት እንተወዋለን። በተለይ እዚህ የሚዘሩት ዋና ሰብሎች ለብርሃን እጥረት ደካሞች ናቸው። በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና ማሽላ ሲ4 የሚባለው ወገን ናቸው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በቅጠላቸው ውስጥ አጠራቅመው የሚጠቀሙ፣ ለዚህም ሥራ ተጨማሪ ኃይል የሚከፍሉ ሰብሎች። ኃይሉ የሚመጣው ከብርሃን ነው። ስለዚህ የስንዴ ወይም የባቄላ ቅጠል ከሙሉ ፀሐይ ባነሰ ብርሃን ሲጠግብ፣ የበቆሎ ቅጠል የቀትር ፀሐይ እንኳ ሙሉ በሙሉ አያጠግበውም። ብርሃን በተቀነሰ ቁጥር በቆሎው ወዲያውኑ ይከፍላል። ዋጋው እጅግ የሚከብደው ደግሞ ፀጉር በሚያወጣበት ሰሞን፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። በዚያ ጊዜ ጥላ ያገኘው በቆሎ የጀመራቸውን ፍሬዎች መመገብ ስለማይችል ያመክናቸዋል፤ መጀመሪያ የሚመክኑትም በራሱ ጫፍ ያሉት ናቸው። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ የተዘራ እንደ ቢ.ኤች 660 ያለ ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ ፀጉር የሚያወጣው ነሐሴ ማብቂያ ገደማ፣ ደመናው ገና ሳይገፈፍ ነው። ከድንበሩ ዛፍ ሥር የተገኘውን ጫፉ የመከነ ራስ ልጦ የሚያይ ሰው፣ ውሃ አጥሮት ነው ብሎ ከመወሰኑ በፊት ይህን ማሰብ ይገባዋል።

የጥላውን ስፋት መለካት ይቻላል፤ ሒሳቡም ቀላል ነው። ፀሐይ ከአድማስ 45 ዲግሪ ስትወጣ 15 ሜትር የሆነ ዛፍ 15 ሜትር ጥላ ይጥላል፤ 30 ዲግሪ ላይ ሳለች ጥላው ወደ 26 ሜትር ይረዝማል። በሸዋ ጊንጪ አካባቢ በጥቁር አፈር ላይ በተደረገ ጥናት፣ በድንበር ባህር ዛፍ ምክንያት የጤፍና የስንዴ ምርት የቀነሰው ከዛፉ መስመር እስከ 12 ሜትር ድረስ ነበር፤ በመስመሩ አጠገብ የከፋው ጉዳት በጤፉ 73 በመቶ፣ በስንዴው 51 በመቶ ደርሷል። ይህ ብቻውን ብርሃንን ጥፋተኛ አያደርግም፤ ሥርም እዚያ ርቀት ላይ ይደርሳል። ሆኖም ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ፣ ብርሃን አብዝቶ የሚፈልገው ጤፍ ከስንዴው ይበልጥ መጎዳቱ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ። ሽንዲ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ኬክሮስ ከሚያዝያ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 19 ገደማ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተሰሜን ታልፋለች፤ ጥላውም ወደ ደቡብ ይወድቃል። ከቡሄ አንድ ሳምንት ያህል በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፤ መስከረምና ጥቅምት፣ ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ፣ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል፣ እየረዘመም ይሄዳል። በዚህ ላይ የክረምቱ ሰማይ ባሕርይ ይጨመርበታል። በደጋው አገር ደመናው ብዙውን ጊዜ የሚከብደው፣ ዝናቡም የሚጸናው ከቀትር በኋላ ነው፤ ሰብሉ የሚያገኘው የተሻለ ፀሐይ የጠዋቱ ነው። እንግዲህ በማሳው ምሥራቅ የቆመ ዛፍ የሚወስደው ውዱን የጠዋት ብርሃን ነው። በምዕራቡ ያለው የሚያጠላው በአብዛኛው ደመና የጋረደውን ከሰዓት ነው። በደቡቡ ያለው መስከረምና ጥቅምት ላይ ፍሬ የሚሞላውን ብርሃን ይቀንሳል። በሰሜኑ ያለው በሰኔ ቀትር የሚጥለው ጥላ፣ ዛፉ 15 ሜትር ቢሆን እንኳ፣ ከ4 ሜትር አይበልጥም። ውሃ ቢሆን ኖሮ ለአቅጣጫ ይህን ያህል ቦታ መስጠት ባላስፈለገ ነበር፤ ሥር ምሥራቅና ምዕራብ አይለይምና።

ተቃዋሚዬ እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል፦ በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ሲውል ጥላ የሚባል ነገር ከየት ይመጣል? ደመና ሲሆን ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ ሳይሆን ከሰማዩ ሁሉ ይመጣል። የዛፍ መስመርም ከዚያ ሰማይ ድርሻውን ይሸፍናል። ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ መስመር ሥሩ አጠገብ ያለውን ሰብል የሰማዩን ብርሃን ግማሽ ይከለክለዋል፤ የቁመቱን ግማሽ ያህል ርቆ ለቆመ ሰብል ከሩብ በላይ ይቀንስበታል፤ ቁመቱን ያህል ርቆ ለቆመው እንኳ 15 በመቶ ገደማ ያጎድልበታል። ባህር ዛፍ ቅጠሉ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቁጥሩ በተግባር ዝቅ ይላል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ከዚህ በላይ የሚከብደው ነገር፣ ብርሃን በበዛበት ቀን ጥቂት መቀነስ የሚጎዳውን ያህል ብርሃን ባነሰበት ቀን ያው መጠን ሲቀነስ ጉዳቱ የባሰ መሆኑ ነው። የቅጠል ሥራ ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ እጅግ ስሉ የሚሆነው ብርሃኑ ትንሽ ሲሆን ነውና። ደመናማው የክረምት ቀን ጥላን የሚያቀል ይመስላል፤ ለበቆሎው ግን ከቀረችው ላይ መውሰድ ነው።

ክርክሩን ከግምት አውጥቶ ወደ ምስክር የሚወስደው መንገድ ሰብሉ ራሱ ውስጥ አለ። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ሁለት ጸንተው የሚኖሩ አይሶቶፖች አሉት፤ 98.9 በመቶው ካርቦን 12 ነው፣ 1.1 በመቶው ደግሞ በክብደት ጥቂት የሚበልጠው ካርቦን 13 ነው። ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላና በርበሬን የመሳሰሉት ሲ3 ሰብሎች ካርቦን የሚይዙበት ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይም ቀላሉን ይመርጣል። ይህ ምርጫ ምን ያህል እንደሚሳካለት የሚወስነው በቅጠሉ ውስጥ ያለው የአየር ክምችት ነው። ሰብሉ ሲጠማ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሟጠጣል፤ ኢንዛይሙም የመምረጥ ዕድል አጥቶ ከባዱንም አብሮ ይጠቀማል። ስለዚህ የተጠማ ስንዴ ፍሬ ካርቦን 13 ይበዛበታል። ሰብሉ ጥላ ውስጥ ሲሆን የሚሆነው ተቃራኒው ነው፦ ቀዳዳዎቹ ከሞላ ጎደል ክፍት ናቸው፣ ብርሃን ስለሌለ ግን የገባው አየር አይሠራበትም፣ ውስጡ ይከማቻል፣ ኢንዛይሙም እንደልቡ ቀላሉን ይመርጣል። ጥላ ውስጥ ያደገ ስንዴ ካርቦን 13 ያንስበታል። ጥማትና ጥላ ሁለቱም ስንዴውን ያቀጭጩታል፤ ለዓይን መንታ ይመስላሉ። በፍሬው ውስጥ የሚጽፉት ምልክት ግን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄድ ነው።

ይህ ዕውቀት አዲስ አይደለም። አውስትራሊያዊው ግራሃም ፋርኳር ከባልደረቦቹ ጋር ስሌቱን በ1982 እ.ኤ.አ. ካሳተመ በኋላ፣ የአገሩ ተመራማሪዎች በዚሁ ምልክት ውሃ ቆጣቢ ስንዴ መርጠው ድራይስዴል የተባለውን ዝርያ ለገበሬ አድርሰዋል። እኛ ደግሞ በዚያው መለኪያ የድንበር ዛፍን ክርክር መመርመር እንችላለን። ለዚህ ምርመራ የሚሆነው ስንዴ ወይም ገብስ ነው፤ በቆሎና ጤፍ በሲ4 ባሕርያቸው የተነሳ ካርቦን 13 የሚያሳየው ለውጥ ጠባብና ለትርጉም የሚያስቸግር ነው። ከአንድ ማሳ፣ በአንድ ቀን ከተዘራና አንድ ዓይነት ማዳበሪያ ካገኘ ስንዴ፣ ከዛፉ 2፣ 5፣ 10፣ 20 እና 40 ሜትር ርቀት ላይ እፍኝ እፍኝ ፍሬ ይወሰድ። ወደ ዛፉ ሲቀረብ ካርቦን 13 እየጨመረ ከሄደ የተለመደው እምነት ልክ ነው፤ እኔም የምከራከርበት አይኖርም። እየቀነሰ ከሄደ ግን ስንዴው አልተጠማም፤ ብርሃን ነው ያጣው። የኦክስጅን 18 ልኬት ቢታከልበት ደግሞ የቀዳዳዎቹን መከፈትና መዘጋት ለብቻው ስለሚያሳይ ፍርዱ ይበልጥ ይጠነክራል። ለዚህ ሥራ ከአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል የተሻለ ቅርብ ተቋም የለም፤ ናሙናውን መሰብሰብ የአንድ የመኸር ወቅት ሥራ ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ ከገበሬው ልምድ የሚመጣው ነው። ብዙ ገበሬ በዛፉና በማሳው መካከል ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ የዛፉን ሥር ሲቆርጥ ሰብሉ ሲያገግም አይቷል። ይህን የሚክድ ሰው ማሳ አያውቅም። የቦዩ ምስክርነት ግን የሚለው ሥር ይሻማል ነው፤ የሚሻማው ውሃ ነው አይልም። በክረምት፣ ውሃ በሞላበት አፈር፣ ሥሮች ይበልጥ የሚሻሙት ናይትሮጅንና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ነው፤ ገበሬው በውድ ዋጋ ገዝቶ የበተነውን ዩሪያ ጭምር። ቦዩ የሚመልሰውም እነዚህን ነው። ደግሞም ማገገሙ ሙሉ አይደለም። ቦይ ተቆፍሮለት ሳለ ከመሀሉ ማሳ ጋር ያልተካከለው መስመር፣ ያ ቀሪ ጉድለት፣ ከመሬት በላይ ባለ ነገር ካልሆነ በምን ይገለጻል? በመስከረም ማብቂያ ዝናቡ ሲቆም የዛፉ ሥር የሰብሉን የመጨረሻ እርጥበት እንደሚወስድ እቀበላለሁ፤ ዘግይቶ ለተዘራ ሰብል ይህ ከባድ ነው። በወምበርማ የሰኔ በቆሎ ዕጣ ግን የሚወሰነው በአብዛኛው ከዚያ በፊት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከወዲያ ማዶ የመጣ ነው፤ የተበተነ ብርሃን ለተክል ይጠቅማል የሚል። በ1991 እ.ኤ.አ. በፊሊፒንስ የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ ጭጋጉ የፀሐይን ብርሃን ሲበትን፣ በአሜሪካ በአንድ ደን ላይ የተለካው የቅጠል ሥራ ጨምሮ ተገኝቷል። እውነት ነው፤ ብርሃኑ ተበትኖ ጥልቅ ደን ውስጥ ስለገባ ነው። በሰብል ላይ የታየው ግን ሌላ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የዓለምን የምርት መዝገብ መርምሮ፣ ከፒናቱቦ በኋላ የብርሃኑ መቀነስ የበቆሎን ምርት በ9 በመቶ ገደማ፣ የስንዴ፣ የሩዝና የአኩሪ አተርን ደግሞ በ5 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አስልቷል። እዚህም ከሁሉ ይበልጥ የተጎዳው በቆሎ ነው። ያ የብርሃን መቀነስ ደግሞ በደመና ሳይከለል በሰማዩ ላይ በስሱ የተዘረጋ መጋረጃ ነበር፤ ከድንበር ዛፍ ሥር ካለው ጥላ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቡና ጥላ ይወዳል የሚለውን ክርክር ማራዘም አያስፈልግም፤ ቡና ከደን ሥር የመጣ ተክል ነው፣ በቆሎ ግን አይደለም።

ገበሬዎች የብርሃንን ነገር በተግባር እንደሚያውቁ ማየት የሚፈልግ ወደ ጎረቤት አዊ፣ ወደ ፋግታ ለኮማ ይመልከት። እዚያ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ የሚተክለው ገበሬ ችግኙን በተከለበት ዓመት ጤፉን አብሮ ይዘራል፤ ቅርንጫፎቹ ሲገጣጠሙ እህሉን ያቆማል፣ ሣር ያጭዳል፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ከሰል ያከስላል። ዲከረንስ ናይትሮጅን ለአፈር የሚጨምር ዛፍ ነው፤ አገሩም ዝናብ አይቸግረውም። ያም ሆኖ ጤፉ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ አይዘለቅም። ይህን ሥርዓት ያወጣው ገበሬው ነው፤ ቅጠሉ ሲገጥም እህሉን ማቆም እንዳለበትም የሚያውቀው እሱ ነው። ያንን ዕውቀት ወደ ድንበር ዛፍ ክርክራችን አለማምጣታችን ያሳዝነኛል።

ባህር ዛፍ ይነቀል እያልኩ አይደለም። አጣናው ለብዙ ቤተሰብ የትምህርት ቤት ወጪና የክፉ ቀን ገንዘብ ነው፤ ከአንድ ጥማድ መሬት የሚገኘው ገቢ ከበቆሎው የሚበልጥበት ጊዜም አለ። የምለው በየትኛው ጎን ይተከል፣ መቼ ይቆረጥ፣ ጎረቤትስ ምን ያህል ይጎዳል የሚለው ሲወሰን ብርሃን ይቆጠር ነው። ዛሬ የቀበሌ መሬት አስተዳደር ኮሚቴና ሽማግሌዎች የድንበር ዛፍ ክስ ሲያዩ የሚጠይቁት ሥሩ የት ደረሰ ብለው ነው፤ ከሳሹ ቦይ ቆፍሮ ሥር ያሳያል፣ ተከሳሹ ሥሩን ቆርጫለሁ ይላል፣ ጉዳዩም እዚያ ያበቃል። የእኔ ምዕራብ ድንበር የጎረቤቴ ምሥራቅ ድንበር ነው፤ እኔ በዚያ ላይ የተከልኩት ዛፍ ለእኔ የሚያጠላው ደመናውን ከሰዓት ነው፣ ለእሱ ግን ጠዋቱን ሁሉ። ሥሩን ብቆርጥለትም ይህ በደል አይነሳለትም። ርቀት የሚለካው ከሥር ብቻ ከሆነ፣ በእሱ ላይ የደረሰውን ጉዳት የሚያይለት አንድም ዳኛ የለም። ሽማግሌዎቹ ሁለት ነገር ቢጨምሩ ይበቃል፤ የዛፉን ቁመትና ዛፉ ከተበዳዩ ማሳ በየትኛው በኩል እንደቆመ። በምሥራቅና በደቡብ ላለ ዛፍ የሚጠየቀው ርቀት ከሌላው ይብዛ፤ ቁመቱ ከፍ ሳይል በሦስትና በአራት ዓመቱ እንዲቆረጥ የሚያስማማ ውል ይጻፍ፤ በጥላው መስመር ላይም በቆሎ መዝራቱን ትቶ ብርሃን ሲያንስ የተሻለ የሚታገሠውን ባቄላ ወይም የከብት ሣር የሚያወጣ ገበሬ ከልማት ሠራተኛው ድጋፍ ያግኝ። ስንዴው በሚታጨድበት በዘንድሮው ኅዳርና ታኅሣሥ፣ በወምበርማ ከሦስት አራት ማሳዎች እፍኝ እፍኝ ፍሬ ተለይቶ በርቀት በርቀቱ በከረጢት ቢቀመጥ፣ ክርክሩ በሚቀጥለው ዓመት በማስረጃ የሚታይ ይሆናል።